ቅቤውን ማን ቀመሰልህ?

በዚህ ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «የአንድ ሰው ውሎ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥቶን ነበር። ስድስት መቶ ቃል፣ አንድ ባለታሪክ፣ አንድ ቀን። «ዘመዳችሁን እንዳትጽፉ» ብሎ አስጠንቅቆናል። እኔ ግን ወንድሜን ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ስንፍና ነው። ወንድሜ እዚሁ ባሕር ዳር ከዶርሜ በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተከራይቶ የሚኖር የምግብ ዝግጅት ተማሪ ነው። ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ ጠይቄው ስጨርስ ደግሞ ያበላኛል። የካፌ ሽሮ የሰለቻችሁ ሁሉ ትፈርዱልኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱ ሲመለስልኝ 15 ከ20 ነበር። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፏል፦ «እናት አለች፣ እህት አለች፣ ሽንኩርቱ ሳይቀር አለ። አባትየው የት ሄዱ?»

መምህሩ ልክ ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት እያልን ስንማር ከርመን እኔ ዋናውን «ማን» ትቼዋለሁ። አባቴን የተውኩት ቦታ ጠቦኝ ሳይሆን የእሱ ነገር በአንድ ቀን ውሎ ውስጥ አልገባ ስላለኝ ነው። እዚህ የቃል ገደቡ ላላ ያለ ስለሆነ እስቲ ልሞክረው።

በመጀመሪያ ስለ ወንድሜ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። ማታ በበረኪና አጥቦ የሰቀለውን ነጭ ጃኬት አውርዶ የአከራዩን የከሰል ካውያ ለምኖ ይተኩሳል። ኮሌጃቸው በር ላይ ጥፍርና ፂም ይታያል፤ ቁልፉ የጎደለ ጃኬት ለብሶ የመጣ ወደ ወጥ ቤቱ አይገባም። የመጀመሪያው ወር ትምህርታቸው በሙሉ መቁረጥ ነበር። ካሮት ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ሆኖ እንደ ክብሪት እንጨት ሲቆረጥ ጁሊየን ይባላል። ያንኑ መልሰው በሦስት ሚሊ ሜትሩ ሲከትፉት ደግሞ ብሩኑዋዝ ይሆናል። በማስመሪያ ይለካባቸዋል! የተበላሸውን ካሮት ማንም ስለማይፈልገው ወደ ቤት ይዞት ይመጣል። በዚያ ወር እኔና እሱ የበላነውን ካሮት ጥንቸል አልበላችውም።

ቀጥሎ ስጎ መጣ። ፈረንሳዮቹ አምስት «እናት ስጎዎች» አሏቸው፤ ቤሻሜል፣ ቬሉቴ፣ ኤስፓኞል፣ ኦላንዴዝና ቲማቲም። ሌሎቹ ከእነዚህ ይወለዳሉ። ይህን በስልክ ለእናታችን ሲያስረዳት ዝም ብላ አዳመጠችና «አምስት እናት? አባታቸውስ?» አለችው።

እናቴ እንዲህ ናት። ለተግባር ልምምድ አንድ ሆቴል ገብቶ አንድ ወር ሙሉ ሽንኩርት ሲልጥ የከረመ ጊዜ፣ «ዛሬስ ምን ተማርክ ሆዴ?» ትለዋለች በየማታው። «ሽንኩርት» ይላታል። «ታዲያ ሽንኩርቱ እኔ ጋ አልነበረም ወይ?» ትላለች። እሱን «ሆዴ» የምትለው ከምግብ ጋር ግንኙነት ኖሮት አይደለም፤ ከመወለዱ ጀምሮ እንዲያ ነው የምትጠራው። እኔን ግን «አንች ልጅ» ነው የምትለኝ።

ስለ ሙያው ሲያወራኝ አንድ ነገር ቶሎ ገባኝ። «ሚዝ አን ፕላስ» የሚሉት ሕግ አላቸው። እሳት ከመለኮሱ በፊት ሁሉም ነገር ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ተለክቶ በየቦታው ይቀመጣል ማለት ነው። ወንድሜ ይህን በተማረ ዕለት የሣለልኝ ሥዕል የእናታችንን ማጀት ነበር፤ የሽሮው ቅል፣ የጨው ቆርቆሮ፣ የቅቤው እንስራ፣ ከምድጃው በስተ ቀኝ ያለው የማማሰያ ቀዳዳ። ለካ እናቴ የፈረንሳይን ሕግ ደብረ ኤልያስ ላይ ስትሠራበት ኖራለች።

ደብረ ኤልያስን ለማታውቁ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ያለች የምሥራቅ ጎጃም ወረዳ ናት፤ መሬቷ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስንዴዋ፣ ጤፏና በቆሎዋ ያጠግባል። ከእህሏ በፊት ግን ስሟን ያስጠራው ቅኔዋ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ እሷ ናት። እኛ ግን ልጆች ሆነን የምናውቃቸው የቅኔ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በትራቸውን ለውሻ አዘጋጅተው ደጃችን ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚሉትን ነበር። ቁራሹን የሚያወጣላቸው ወንድሜ ነው። ለምን ቢሉ ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ሁልጊዜ እሱ ነበርና።

እዚህ ላይ የሠፈራችንን ሁለት ቃላት ልንገራችሁ። ከሴቶች ጋር የሚውል ወንድ «ሴታውል» ይባላል። ከወንዶች ጋር የምትውል ሴት ደግሞ «ወንዳገረድ»። ከአንድ ቤት ሁለታችንም ወጣን። እሱ ከእናቴ ሥር ሊጥ ሲያቦካ እኔ ከብት ተከትዬ ሜዳ ላይ ነኝ። እስከ ዛሬ የእኔ እንጀራ ዓይን የለውም፤ የእሱ ግን እንደ ማር ሰፈፍ ነው። ጎረቤቶች ቡና ላይ ሲስቁ እናቴ «ቢውል ከእናቱ ጋ ነው የዋለ፣ ምን አደረጋችሁ?» ትላቸው ነበር። አባቴ ግን ምንም አይልም።

አባቴ ምንም አለማለት ይችልበታል። በልጅነቱ ከሞጣ በኩል ቅኔ ፍለጋ በእግሩ የመጣ፣ ዓመታት በጉባኤው የቆየ፣ ኋላ እናቴን አግብቶ እርሻ የያዘ ሰው ነው። ሰዉ ዛሬም «የኔታ» ይለዋል። በበዓል መቋሚያውን ይዞ ይቆማል። አንድ ልጁን ቅኔ ቤት ማስገባት ይፈልግ እንደነበር ከእናቴ ሰምቻለሁ፤ ከእሱ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። ወንድሜ የምግብ ዝግጅት ደርሶት ሊሄድ ሲነሣ አንድ ወይፈን ሸጦ ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠውና «እግዜር ይርዳህ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀውም። ማኅበር ላይ «ልጁ ምንድን ነው የሚማረው?» ሲሉት «ሆቴል» ይልና ሌላ ወሬ ያነሣል።

እኔ ነገሩ ገብቶኛል ብዬ አምን ነበር። አባቴ አፍሯል፣ ወንድ ልጁ ጓዳ ገባበት፣ በቃ። ጋዜጠኛ ልሆን አይደል? ሳልጠይቅ ደመደምኩ። አንዴ ላሳምነው ብዬ ስለ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነገርኩት። ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን ያደገ፣ ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ምግብ ቤት ያለው፣ በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ባደረጉት የራት ግብዣ ያበሰለ ሰው መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳሁት። አባቴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «ለመሪ የሚያበስል እኮ ሳይቀምስ አያቀርብም» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ፤ ተናድጄ ወጣሁ።

አሁን ወደ 2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እንምጣ። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው የካቲት 17 ሲሆን ረመዳን ደግሞ በአምስት ቀን ተከተለው። ለወንድሜ ክፍል ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሥልጠናው የጾም ፈቃድ የለውም፤ ቤሻሜል በቅቤና በወተት ነው የሚሠራው፣ ኦላንዴዝ በዕንቁላል አስኳልና በቅቤ። «ያልቀመሰ አብሳይ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚነዳ ሾፌር ነው» ይሏቸዋል አሠልጣኛቸው።

በሌላ ጊዜ መላ ነበራቸው። ወንድሜ በጾም ሲሆን በምድጃ የምትጎራበተው ሙስሊም የክፍሉ ልጅ ትቀምስለታለች፤ እሷ በጾም ስትሆን ደግሞ እሱ ይቀምስላታል። በዚያ ሁዳዴ ግን ሁለቱም ጦሙ። ሁለቱም ማንኪያቸውን ይዘው ቆሙ። ከወዲያ ጥግ አንድ ፕሮቴስታንት ጓደኛቸው ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ልጅ ኑሮ ተለወጠ። ከየምድጃው «ና እስቲ ቅመስልኝ» ይጠራል። ቤሻሜል ከአሥራ አራት ድስት እየቀመሰ፣ «ያንተ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ የሷ ጨው በዝቷል» እያለ ሲዞር ዋለ። ወሩ ሲያልቅ ሱሪው ጠቦት ነበር ይላል ወንድሜ። ማጋነን ይወዳል፤ እኔም ከእሱ ነው የወረስኩት።

ለዚያ ፋሲካ አብረን ወደ ቤት ሄድን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ወንድሜ ከቤት ሳይገባ ያለፈው በዓል ብዙ ነው። በስልክ «ደኅና ናችሁ?» «ደኅና ነን» ተባብለን የምንዘጋባቸው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እሷንም የምናጣባቸው በዓላት ነበሩ። ስለዚህ መኪና ተገኘ ሲባል ማንም ሁለቴ አላሰበም። ችግር የሆነው ቢላዎቹ ናቸው። በቁጠባ የገዛቸው አራት ቢላዎች አሉት፤ በእናታችን አሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጣቸው። በየቦታው ፍተሻ ባለበት መንገድ አራት ስለታም ቢላ ይዞ ተሳፍሮ «አብሳይ ነኝ» ማለት ጥሩ ሐሳብ አልመሰለንም። ለአከራዩ አደራ ሰጥቷቸው፣ ሚዛኑንም አብሮ ትቶ፣ ባዶ እጁን ሄደ። መራዊን፣ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን አልፈን ከቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ አገኘናት። ስንት ሰዓት እንደቆመች አልነገረችንም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የሆነው። ቄጤማችንን ግንባራችን ላይ አስረናል። አባቴ ዶሮዋን አርዶ ለእናቴ ሰጠ። ወንድሜ በእናቴ አሮጌ ቢላ፣ እጀታው በጨርቅ በተጠቀለለው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ምንም ሳያበላሽ አወጣ። ጓዳው በሽንኩርት ጭስ ተሞልቷል። አባቴ ለቤተ ክርስቲያን መቋሚያውን ሊወስድ መጣና የጓዳው በር ላይ ቆመ። ወደ ውስጥ አልገባም። አባቴ ጓዳ ሲገባ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

«አንተ» አለው ወንድሜን።

«አቤት።»

«በሁዳዴው ቅቤውን ማን ቀመሰልህ?»

ሁላችንም ዝም አልን። ወንድሜ ማማሰያውን ይዞ ዞሮ አየው። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ ሲያስብ የኖረው ስለ ሴታውል አልነበረም። ለመሪ የሚያበስል ሳይቀምስ አያቀርብም ያለኝም ማሾፉ አልነበረም፤ መጠየቁ ነበር። ልጁ እዚያ ማዶ ባሕር ዳር፣ በሥጋና በቅቤ መካከል ቆሞ ጾሙን ይፈታ እንደሆነ ጨንቆት፣ ቢጠይቅ የማይፈልገውን መልስ እንዳይሰማ ፈርቶ ዝም ብሎ ኖሯል። ልጁም ዝምታውን እንደ እኔው በሌላ ተርጉሞት ኖሯል።

ወንድሜ ነገሩን ከነሙስሊሟ ልጅ፣ ከነፕሮቴስታንቱ ልጅ አጫወተው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። የአሥራ አራቱ ድስት ላይ ሲደርስ ፂሙ ሥር ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ግን አመነ ወይ? «ሁልጊዜስ ሰው ይገኛል?» አለ። «ሥራ ስትይዝስ?»

ወንድሜ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እናቴ ግን ነበራት። ከምድጃው ቀና ሳትል፣ «እኔስ ይሄን ሁሉ ዘመን የፋሲካውን ወጥ ማን ቀመሰልኝ?» አለች።

እንግዲህ አስቡት። እናቴ፣ የእናንተም እናት፣ የጾመች ሁሉ፣ ለፋሲካ የምትሠራውን ዶሮ ወጥ ሳትቀምሰው ነው የምታወጣው። ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤ ሳይነካት ቆይታ፣ በጠረኑ፣ በቀለሙ፣ በድምፁ ብቻ ታበስላለች። ይህን በየዓመቱ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ ገርሞኝ አያውቅም ነበር። አባቴ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ መቋሚያውን ይዞ ወጣ።

የዚያን ቀን ማታ ወጡን የሠራው ወንድሜ ነው፤ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጆሮውን አስተማረችው። «ስማው፣ ሲንጣጣ ሽንኩርቱ ገና ውኃ አለው። ሲያጉረመርም በርበሬውን ጨምር። ዝም ሲል ይዟል፣ ቶሎ በል።» ቅቤው ገብቶ፣ ብልቱ ገብቶ፣ መከለሻው እስኪደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያሸት አየሁት። ጨው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ተንቀጠቀጠ። ኮሌጅ ውስጥ ጨው በግራም ነው፤ ሚዛኑ ባሕር ዳር ቀርቷል። በጣቶቹ ቆነጠረ፣ አሰበ፣ ከቆነጠረው ግማሹን መልሶ ወደ ቆርቆሮው በተነ። እናቴ አየችው። ምንም አላለችም።

ቅዳሴው አልቆ አባቴ ሌሊት ሲመለስ መሶቡ ቀርቦ ነበር። ጸለየ፣ ቆረሰ፣ አጠቀሰ፣ ጎረሰ። ሁላችንም አፉን ነው የምናየው። ወንድሜ በኮሌጅ ፈተና ላይ እንኳ እንዲህ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

«ጨው አነሰው» አለ አባቴ።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። አባቴ ግን ተነሣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጓዳ ገባ። ቆርቆሮዎቹን ሲያንኳኳ፣ የቱ ጋ እንዳለ ሳያውቅ ሲፈልግ ሰማነው። እናቴ ልትነሣ ስትል ነጠላዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ብዙ ቆይቶ ጨው በመዳፉ ይዞ ወጣና ወጡ ላይ በተን አደረገ።

«የቀመሰ ሰው ይሄን አይስተውም» አለ። ከዚያ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ለወንድሜ አጎረሰው። ወንድሜ ለማኘክም ለማልቀስም አፉ አልበቃውም።

እናቴ ጨው ማነሱን እያየች ለምን ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ልጠይቃት እያልኩ እተወዋለሁ።

ሰኞ ከመመለሳችን በፊት ወንድሜ ደብተሩን አወጣ። ኮሌጁ ከየአካባቢያችሁ አንድ ባህላዊ ምግብ ከነአሠራሩ ጽፋችሁ አምጡ ብሏቸው ነበር። እኔ ዶሮ ወጡን ይጽፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን አባቴ ጎን ቁጭ ብሎ «ተማሪ ሳለህ ምን ነበር የምትበሉት?» አለው። ይህን ጥያቄ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም። አባቴ መጀመሪያ «ምን ምግብ አለው» አለ። ከዚያ ግን ጀመረ። በአኩፋዳ የመጣው ቁራሽ ከብዙ ቤት ስለሆነ የጤፉም የዳጉሳውም የገብሱም ተቀላቅሎ እንደሚመጣ፣ የተረፈው ፀሐይ ላይ ደርቆ ኮቸሮ እንደሚሆን፣ ለልመና በማይወጣበት ቀን ኮቸሮው ውኃ ተረጭቶበት፣ በርበሬ ከተገኘ በርበሬ፣ ካልተገኘ ጨው ነስንሰውበት እንደሚበሉት፣ ጎበዝ ተማሪ ቅኔውን እየቆጠረ የሚበላውን እንኳ እንደማያውቀው ነገረው። ውሻ የነከሰውንም ቦታ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሳየን። እናቴ ራሷ «ይሄንስ አላውቅም ነበር» አለች።

ወንድሜ እየጻፈ ነው። በደብተሩ «ግብዓት» እና «መጠን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስምሯል።

«ቁራሹ ለአንድ ሰው ስንት ያህል ይሆናል አባዬ? በግራም ባታውቀውም በግምት...»

«የሰጡህን ያህል ነዋ» አለ አባቴ።

ወንድሜም እንዲሁ ብሎ ጻፈው። የቤት ሥራው ሲመለስለት «የሰጡህን ያህል» የሚለው በቀይ ተሰምሮበት፣ ከጎኑ «በግራም ይገለጽ» የሚል ማስታወሻ ነበረበት። እስካሁን አላስተካከለውም።